ዝም ያለ ሁሉ ደኅና አይደለም

ቤት የሚጠበቀው በሁለት ነገር ነው፤ በቁጠባና በንቃት። ቁጠባ ያለ ንቃት ሲሆን ወደ ንፉግነት ይለወጣል፤ ንቃትም ያለ ቁጠባ ሲሆን ስንቁን በመንገድ ጨርሶ ከመድረሻው በፊት ይቀራል። በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የተመለስንበት ነገር ይህ ነው። ዛሬም ስለ አንዲት ታናሽ ዕቃ ልንናገር ስንነሣ ነገሩ ከዚሁ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። ዕቃይቱ ያለ ሽቦ የምትሠራ የቤት ሙቀት መለኪያ ናት። መጠኗ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም አትበልጥም፤ በመኝታ ቤት ተቀምጣ የክፍሉን ሙቀትና ቅዝቃዜ እየለካች በአየር ሞገድ ወደ እጅ ስልክ ትልካለች። ኀይሏም ከባትሪ ድንጋይ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ስለዚህች ዕቃ እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው የኅዳር ወር በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ባደርንበት ሌሊት ያየነው ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ፥ የቀድሞዋ መንቆረር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ሁሉ ያውቃል። ከሰሜን በኩል ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ደመና ሲጠፋ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ለሰማይ ትመልሳለች፤ ስለዚህ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ የውጪው አየር ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ግድግዳው ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ይህ ቅዝቃዜ እስከ አልጋው ድረስ ይገባል።

ወዳጃችን የመንግሥት ሥራ ያላቸው፥ ጠንቃቃና ትጉህ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከወለዱ 13 ቀን ሆኗቸው ነበር። አባትዮው የመጀመሪያ ልጃቸው ነውና ከስስት የተነሣ ያችን የሙቀት መለኪያ ገዝተው፥ አዲስ ድንጋይ አግብተው፥ አራሷ በምትተኛበት ክፍል አኖሯት። ነገሩ ይበልጥ አስተማማኝ እንዲሆንም በየደቂቃው ሙቀቱን እንድትነግራቸው አዘዟት። ማታ ማታ ስልካቸውን እያዩ፥ «ክፍሉ 19 ነው፤ ክፍሉ 20 ነው» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

በዚያ ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። ሻማ ተበርቶ ራት ተበላ፤ ሁሉም ተኛ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራቱ ተመለሰ፤ የኢንተርኔት ማሰራጫውም እንደ ገና በራ። አባትዮው ከእንቅልፋቸው ነቅተው ስልካቸውን ሲያዩ ቁጥሩ 19 ይላል። ደስ ብሏቸው ተመልሰው ሊተኙ ሲሉ፥ በአራሷ ክፍል ያደሩት እናታቸው ሕፃኑን ታቅፈው ብቅ አሉ።

«ልጄ፥ ተነሥ፤ ይህ ልጅ በርዷል» አሏቸው።

«እማ፥ አይሥጉ፤ ክፍሉ 19 ነው፤ ይኸው ይመልከቱት» አሉ አባትዮው።

አሮጊቷ ስልኩን አላዩትም። እጃቸውን በሕፃኑ ሆድ ላይ እንዳኖሩ፥ «ቁጥርህ የማታ ነው፤ ልጁ ግን የአሁን ነው» ሲሉ መለሱላቸው።

እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ተራውን የመስተዋት ሙቀት መለኪያ በባትሪ መብራት ስናየው ክፍሉ 14 ዲግሪ ሆኖ ነበር። የሕፃኑ ብብት ሲለካ 36.1 ሆነ። በዓለም የጤና ድርጅት መሠረት የአራስ ሕፃን ደኅነኛ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ነው፤ ከ36.5 ሲወርድ ሕፃኑ በርዶታል ይባላል። አያቲቱ ሳይደናገጡ ሕፃኑን ከእርጥብ ጨርቁ አውጥተው፥ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝተው፥ ራሱን በቆብ ሸፍነው፥ በላያቸው ጋቢ ደረቡባቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 36.7 ደረሰ፤ ጡቱንም ደኅና አድርጎ ጠባ። በነጋም ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ታይቶ በሰላም ተመለሰ። ነገሩ በዚህ በጎ ፍጻሜ ስላበቃ ደስ ቢለንም፥ መለኪያይቱ ስለ ምን እንዳታለለችን ሳንመረምር ልንተወው አልፈለግንም።

የመጀመሪያው ምርመራችን ድንጋዮቹን አውጥቶ ማየት ነበር። ሁለቱም ፈጽመው ደክመዋል። ከ13 ቀን በፊት አዲስ የገቡ ድንጋዮች እንዴት እንዲህ ሆኑ? ይህን ለመረዳት ዕቃይቱ ቀን ከሌሊት ምን እየሠራች እንደምትውል ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህች መለኪያ ሥራ ሦስት ነው፤ መተኛት፥ መለካትና መናገር። ተኝታ ሳለች የምትበላው ኀይል ከምንም አይቈጠርም። መለካቱም ጥቂት ነው፤ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መናገሩ ግን ብርቱ ወጪ አለው፤ የሬዲዮ ሞገድ ማመንጨት፥ ማሰራጫውን ፈልጎ ማግኘት፥ ስሟንና ምስጢሯን አስታውቆ ፈቃድ መቀበል፥ ከዚያም መልእክቱን ማድረስ አለባት። ሰውም ቢሆን ቤቱ ተቀምጦ ብርዱን ለማወቅ አይደክምም፤ ይህንኑ ለመንገር ኮረብታ ወጥቶ ቢጣራ ግን ይደክማል።

ለስሌት ያህል በዋይፋይ የምትናገር መለኪያ አንድ ጊዜ ነቅታ መልእክቷን እስክታደርስ 5 ሰከንድ ቢፈጅባት፥ በዚያም ጊዜ 80 ሚሊ አምፔር ብትስብ፥ ተኝታ ሳለች ደግሞ 0.02 ሚሊ አምፔር ብትስብ፥ ሁለቱ ድንጋዮቿም 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዙ እንበል። ሁለት ድንጋይ ተከታትሎ ሲገጠም ቮልቱ ይደመራል እንጂ ይህ መጠን አይደመርም። እንግዲህ በየደቂቃው ከተናገረች ስንቋ 15 ቀን ያህል ብቻ ይበቃታል። በየ15 ደቂቃው ከተናገረች 224 ቀን ይደርሳል። በሰዓት አንድ ጊዜ ከተናገረች 795 ቀን፥ ማለት ከሁለት ዓመት በላይ ይሆናል። ድንጋይ በተቀመጠበትም ስለሚደክም፥ ቮልቱም ሲወርድ ዕቃይቱ ሳትጨርሰው ስለምትቆም፥ በሥራ ላይ የሚገኘው ከዚህ ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ድንጋዩ ያው፥ ዕቃይቱም ያችው ሆና ሳለ፥ የንግግሯ ብዛት ብቻ ዕድሜዋን ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ዓመት ይለያየዋል።

የወዳጃችን መለኪያ በ13 ቀን ውስጥ ከስንቋ አብዛኛውን በልታ የቀራት 400 ያህል ነበር። ያም ቢሆን እንደ ልማዷ ለሁለት ቀን ተኩል ያህል በበቃት ነበር። የዚያ ሌሊት ጥፋት የመጣው ከሌላ በኩል ነው። መብራት ሲጠፋ ማሰራጫው አብሮ ጠፋ። መለኪያይቱ በድንጋይ የምትሠራ ስለ ሆነች መብራት መጥፋቱን አታውቅም፤ ጠርታ የሚመልስላት ብታጣ እንደ ገና ጠራች፤ አሁንም ብታጣ ሳትተኛ መጣራቷን ቀጠለች። ያለ ዕረፍት 80 ሚሊ አምፔር እየሳበች ብትፈልግ 400ው በ5 ሰዓት ያልቃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምራ ብንቈጥር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሞታለች ማለት ነው። መብራቱ በ9 ሰዓት ሲመለስ የምትናገር መለኪያ አልነበረችም። ስልኩ ግን የመጨረሻውን ቃሏን፥ ያንኑ የማታውን 19፥ እንደ ሕያው ቃል አድርጎ ያሳይ ነበር።

ስለዚህ መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት ሀገር የመጀመሪያው የቁጠባ ሕግ ፍለጋን መወሰን ነው። መለኪያይቱ ሁለት ጊዜ ያህል ጠርታ መልስ ካጣች የለካችውን በውስጧ መዝግባ ትተኛ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ትሞክር፤ ቀጥሎ ከ10፥ ቀጥሎ ከ20 ደቂቃ በኋላ፥ እንዲህ እያራዘመች እስከ አንድ ሰዓት ድረስ። መብራቱ ሲመለስ የመዘገበችውን ሁሉ በአንድ ንግግር ታድርስ። የገዛችሁት ዕቃ ይህን ትእዛዝ የማይቀበል እንደ ሆነ፥ ማሰራጫውን መብራት ሲጠፋ ኀይል በምትሰጥ ታናሽ ባትሪ መደገፍ ይገባል።

ሁለተኛው ሕግ መለካትንና መናገርን መለየት ነው። በየ5 ደቂቃው ትለካ፤ ሙቀቱ መጨረሻ ከተናገረችው ግማሽ ዲግሪ ካልተለወጠ ግን ዝም ትበል። እናንተ ከወሰናችሁት በታች ሲወርድ ግን ተራ ሳትጠብቅ ወዲያው ትናገር። በዚህ ሥርዓት ጸጥ ባለ ቀን እምብዛም አትናገርም፤ ብርድ በሚገባበት ሌሊት ግን ደጋግማ ትናገራለች። ስንቋም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይወጣል።

ሦስተኛው የቦታ ነገር ነው። ጭቃ ግድግዳ የሬዲዮን ሞገድ ያደክመዋል፤ ቆርቆሮና ብረት ግን ይመልሰዋል። መለኪያይቱን ከብረት ሣጥን ጀርባ ወይም በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ብታኖሯት ንግግሯ ስለማይሰማ ትደጋግማለች፤ በደጋገመች ቍጥርም ድንጋዩን ትበላለች። ከማሰራጫው ብዙ ሳትርቅ፥ በአልጋው ከፍታ ልክ፥ ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ርቃ፥ ከውጪውም ግድግዳ ተለይታ ትቀመጥ። አብዝታ የምትናገር መለኪያ ደግሞ ራሷን በራሷ ታሞቃለች፤ ስለዚህ ክፍሉ ከሆነው በላይ ሞቆ ይታያታል። እንግዲህ ዝምታዋ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን እውነቷንም ይጠብቃል።

አራተኛው የሞገዱ ዓይነት ነው። ዋይፋይ ብዙ ነገር በፍጥነት ለማድረስ የተሠራ ስለ ሆነ አንዲት ቁጥር ለማድረስ ወጪው ይበዛል፤ ለአንድ ደብዳቤ የጭነት መኪና እንደ መላክ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው አነስተኛ ኀይል የሚፈልገው ብሉቱዝ ግን ለእንዲህ ያለ አጭር መልእክት የታሰበ ነው። የሚደርስበት ርቀት አጭር ስለ ሆነ በቤት ውስጥ የሚቀበለው ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ቢሆንም 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል በምትይዝ አንዲት ክብ የሳንቲም መሰል ድንጋይ ዓመት የሚሠሩ መለኪያዎች አሉ።

አምስተኛው የድንጋዩ ምርጫ ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለው ኢጣሊያዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ድንጋይ ካስታወቀ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል፤ ነገር ግን ሁሉም የሚሠራው በውስጡ ባለው የንጥረ ነገር መዋሐድ ነው፤ ያም በብርድ ይዘገያል። አባቶቻችን የደከመውን የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተው ጥቂት ቀን ያስናግሩት የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሙቀቱ የቀረውን እንዲሰጥ ይረዳዋል እንጂ አዲስ ኀይል አይጨምርለትም። ለመለኪያይቱ ከርካሹ የዚንክና ካርቦን ድንጋይ ይልቅ አልካላይን የሚባለው ይሻላል፤ ብርቱ ብርድ ባለበት ስፍራ ደግሞ ሊቲየም የሚባለው ይበልጣል። ሊቲየሙን ግን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ፥ እንዲሞላ ካልተሠራ፥ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ ልሙላው ማለት አደጋ አለው። አሮጌና አዲስ ድንጋይም በአንድነት አይገጠም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ዝም ስለ ማሰኘት ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዝም እንድትል የታዘዘች መለኪያ ዝም ስትል፥ ሁሉ ደኅና ስለ ሆነ ነው ወይስ ስለ ሞተች? በአያቲቱና በልጃቸው መካከል የነበረው ክርክር ይኸው ነበር። እንግዲህ ቁጠባው ወሰን ሊኖረው ይገባል። ምንም የሚነገር ነገር ባይኖር እንኳ መለኪያይቱ በሰዓት አንድ ጊዜ «አለሁ» ትበል። ይህች ቃል ምን ያህል ታስወጣለች? ከላይ እንዳሰላነው በሰዓት አንድ ጊዜ መናገር ድንጋዩን ከሁለት ዓመት በላይ ያቈየዋል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ብናስናግራት ስሌቱ 11 ዓመት ያህል ይላል፤ ይሁንና ድንጋዩ ያን ያህል ሳይቈይ በራሱ ያረጃል። ስለዚህ ከዚያ በላይ የሚደረገው ንፍገት ለድንጋዩ ብዙም ሳይጠቅመው የቤቱን ጠባቂ ያሳውረዋል።

በተቀባዩ በኩልም ሦስት ነገር እንዲደረግ ግድ ነው። አንደኛ፥ ስልኩ ቁጥሩን ሲያሳይ የተለካበትን ሰዓት አብሮ ያሳይ፤ ሰዓት የሌለው ቁጥር ቀን እንደሌለው ደብዳቤ ነው። ሁለተኛ፥ «አለሁ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ከቀረ፥ ስልኩ ራሱ ደውሎ ያንቃ። ሦስተኛ፥ የድንጋዩ ቮልት ሲወርድ ዕቃይቱ ከመሞቷ አስቀድማ ታስታውቅ።

የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በጤና ተቋሞቻችን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ታናሽ መዝጋቢ አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ አለበትና፥ መዝጋቢው ያለ አንዳች ሬዲዮ የ30 ቀን ታሪክ ይይዛል፤ ሙቀቱ ከ8 በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ሲቈይ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ወርዶ አንድ ሰዓት ሲቈይ ምልክት ያሳያል። ዝም ባይ ስለ ሆነ በታናሽ ድንጋይ ዓመታት ይሠራል። ነገር ግን የጤና ሠራተኛው ጧትና ማታ ሄዶ እንዲያየው ታዟል። ዕቃው በተቈጠበው ልክ ሰው ይነቃል፤ ቁጠባው የሚሠራው በዚህ ተካክሎ ነው።

ስለ አራስ ቤት ደግሞ ሦስት ምክር እንጨምር። የመለኪያይቱ ቁጥር የክፍሉ ነው፥ የልጁ አይደለም። የሕፃኑ እግር ቀዝቅዞ ሆዱ ሞቃት ቢሆን ብርድ እየጀመረው ነው፤ ሆዱም ከቀዘቀዘ በእርግጥ በርዶታል፤ ገላ ለገላ አሙቆ በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ዳግመኛም ቁጥሩ ወረደ ብሎ የከሰል እሳት በተዘጋ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታም መልክም የሌለው የከሰል ጋዝ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ይገድላል። ሦስተኛም የሳንቲም መሰሏን ድንጋይ ከሚድሁ ልጆች አርቁ፤ ልጅ ቢውጣት በጉሮሮው ተቀርቅራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለችና፥ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የድንጋዩ መክደኛ በብሎን የሚታሰር ዕቃ ብትመርጡ ይሻላል።

ወዳጃችን በማግሥቱ ድንጋዮቹን ለወጡ፤ መለኪያይቱም በየ5 ደቂቃው እየለካች፥ ግማሽ ዲግሪ ሲለወጥ ብቻ እንድትናገር፥ በሰዓት አንድ ጊዜ ግን «አለሁ» እንድትል አዘዟት። መብራት ሲጠፋም ሁለት ጊዜ ጠርታ እንድትተኛ አደረጉ። የመስተዋቱን መለኪያ ደግሞ ከግድግዳው ነቅለው በአራሷ ራስጌ ሰቀሉት። ይህን ሁሉ ጨርሰው ለእናታቸው ሲያስረዱ አሮጊቷ በጸጥታ አዳመጧቸው።

«እንግዲህ በሰዓት አንድ ጊዜ አለሁ ትላለች በለኛ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎን፥ እማ» አሉ አባትዮው።

«መልካም ነው። እኔም በሰዓት አንድ ጊዜ እነሣለሁ» አሉና ሕፃኑን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ ወጡ።